የጋሽ ካሱ ሸርጣን

ጋሽ ካሱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ነጠላ ልትገዛ ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣች ሴት ናት። ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ሱቄን ከፍቼ አቧራ ሳራግፍ የጎረቤቴ በር ዝግ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን የወሩ ሚካኤል ስለነበር ከቅዳሴ አልተመለሱም ብዬ አልፌዋለሁ። ሴትዮዋ ነጠላውን በጣቶቿ እያሸች፣ «ያ የሸርጣኑ ሽማግሌ ዐረፉ አሉ፤ እንግዲህ አውሬውን ማን ይጠብቀው ይሆን?» አለችኝ። ሰው ሞቶ የሷ ጭንቅ አውሬው ነው! ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ሳቅ አመለጠኝ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባዬ መጣ። ጋሽ ካሱ ቢሰሟት ኖሮ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ዘይነባ እባላለሁ። ሰቆጣ ገበያ ዳር አባቴ የተወልኝ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጋሽ ካሱ ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጀሪካን ጠጋኝ ነበሩ። የአገራችንን ውሃ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል የሚፈለግ እንደሆነ አይጠፋውም፤ ጀሪካን የተሰነጠቀበት ቤት ግማሽ ቤት ነው። እሳቸው ከሰል ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያግሉና፣ ከአሮጌ ጀሪካን የቆረጡትን ቁራጭ ስንጥቁ ላይ አስቀምጠው ብረቱን ያስኬዱበታል። ፕላስቲኩ እንደ ቅቤ ቀልጦ ይያያዛል። ሽታው ታዲያ ሱቄ ድረስ እየገባ ጨርቄን ሁሉ ያጥነዋል። «ጋሽ ካሱ፣ የዚህ አገር ሙሽሮች በእርስዎ ጦስ ጀሪካን ጀሪካን እየሸተቱ ሊዳሩ ነው» ስላቸው፣ «ምን አለ፣ ውሃ አያጡም ማለት ነው፤ ምርቃት ነው» ይሉኛል።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሕልሙን የሚያወራ ሰው ይመስላሉ። የጠገኑትን ጀሪካን ውሃ ሞልተው እንደ ሌላው ሰው ጠብታ አይፈልጉም፤ ጆሯቸውን ነው የሚለጥፉበት። «የሚያፈስ ነገር ሁሉ ያወራል፣ ሰሚ ካገኘ» ይሉ ነበር። ከደንበኛ ጋር አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ያወጋሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ እኔ በማላውቀው ቋንቋ ያንጎራጉራሉ። ከመርከብ ያመጡት መሆን አለበት። በጉርምስናቸው ከሰቆጣ ተነስተው አሰብ ወርደው፣ በንግድ መርከብ ተቀጥረው፣ ዓለምን ዞረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ባሕር የሚባለውን ነገር በስም ብቻ በሚያውቅ አገር መሀል ባሕር ላይ የኖሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ሁሉ ዙረት ይዘው የመጡት አንድ ነገር ሲሆን፣ ከሱቃቸው የኋላ ግድግዳ ላይ በሽቦ ታስሮ ተሰቅሏል። የሸርጣን ክንድ ነው። እኛ አገር ሸርጣን ማለት ከወንዝ ድንጋይ ሥር የሚገኝ፣ መዳፍ የማይሞላ ፍጥረት ነው። የእሳቸው ግን አንድ ክንዱ ብቻ እኔን ያህላል። ቀለሙ ፀሐይ የጠጣው በርበሬ ሆኖ እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ አለው። ጫፉ ላይ ባለ ሁለት ጣት መቆንጠጫ አለ፤ በጣቶቹ ውስጥ ጥርስ የመሰለ ነገር ተደርድሯል። ሲደርቅ ትንሽ ከፈት ብሎ ስለቀረ የሰው እጅ ልክ ያስገባል።

ይህን ያየ ሁሉ ይጠይቃል፣ ጋሽ ካሱም ብረታቸውን ከሰሉ ላይ ይተዉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ከባሕሩ በታች ሌላ አገር አለ» ብለው ይጀምራሉ። «ፀሐይ አታውቀውም። ቀን የለ፣ ሌት የለ። ተራራ አለው፣ ገደል አለው፤ እንደ ዋግ አገራችን ነው እንዲያው። በዚያ ጨለማ ውስጥ እሱ ይሄዳል። እግሩን ሲዘረጋ ከዚህ በር እስከ ወዲያኛው አጥር ይደርሳል። አይሮጥም። ማን ያስቸኩለዋል? የሰው አባትና አያት እያለፈ እሱ በሕይወት ይኖራል። መርከብ ስትሰጥም ቀና ብሎ ይጠብቃል። ሞት ይሸተዋል። ሰውየው ሞቶ ሳይሆን ገና ሊሞት ሲል ይሸተዋል። ሌባና ውሸታም ሲያገኝማ…» ይሉና ያቆማሉ። የቀረውን መቆንጠጫው ይናገር ብለው ነው።

ከተማው አመናቸው። የሚያለቅስ ልጅ «ለካሱ ሸርጣን እሰጥሃለሁ» ሲባል ዝም ይላል። አንዳንዷ ባልቴት ከሱቁ ፊት ላለማለፍ መንገድ ትሻገራለች፤ ጀሪካኗ ሲሰነጠቅ ግን እኔ ዘንድ አስቀምጣ፣ «አንቺ ስጪልኝ የኔ ልጅ» ትለኛለች። አንድ ቄስ ሲያልፉ አማትበው፣ ኦሪት እንዳይበላ የከለከለችውን ፍጥረት ግድግዳ ላይ መስቀል ምን የሚሉት ነው ብለው ተቆጥተዋል። ጋሽ ካሱም «አባቴ፣ እኔስ አልበላሁትም፤ እሱ እንዳይበላኝ ነው ያሰርኩት» ብለው መለሱላቸው። ቄሱ እየሳቁ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሱቃቸው ስገባ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን አልሰጥም ነበር።

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቆላው እየተነሳ ከከተማው በታች ያለውን ሸለቆ ይሞላዋል። የኮረብቶቹ ጫፍ ብቻ ይቀርና ደሴት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ካሱ ሥራቸውን ትተው በር ላይ ይቆማሉ፤ «ባሕሩ መጣ» ይላሉ። አንድ የገበያ ቀን ማለዳ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ከደሃና በኩል የሚመጡ ገበያተኞች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ ደግሞ ብቅ ይላሉ። አህዮቻቸው አይታዩም። ረጃጅም በትራቸውንና ጋቢያቸውን ብቻ አያለሁ፤ ድምፅ የሚባል የለም። የት እንዳለሁ ለአፍታ ጠፋኝ። ያ የታችኛው አገር ወደ እኛ ወጥቶ፣ ወይ እኛ ወደ እሱ ወርደን፣ ሰዎቹ ሁሉ በጨለማ ባሕር ወለል ላይ ሳይቸኩሉ የሚራመዱ መሰለኝ። «አየሻቸው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እነማንን?» አልኩ። «ተዪው» ብለው ወደ ብረታቸው ተመለሱ። ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ጨርቅ ስለካ እጄ ውሃ ውስጥ ያለ እየመሰለኝ ዋልኩ።

ሸርጣኑን መማያ ማድረግ የጀመረችው ማን እንደሆነች አላስታውስም። ሁለት ሴቶች በአንድ ጀሪካን «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ተባብለው ጋሽ ካሱ በር ላይ ሲጣሉ፣ አንደኛዋ «እስቲ እጅሽን ሸርጣኑ አፍ ውስጥ አድርገሽ ማይ!» አለቻት፤ ያቺኛዋ ጀሪካኑን ጥላ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ ልማድ ሆነ። ዶሮ የጠፋበት፣ ድንበር የተገፋበት ሁሉ «በሸርጣኑ!» ማለት ጀመረ። አንዷን «ምነው፣ በሚካኤል ብትምሉ አይሻልም?» ብላት፣ «በሚካኤል ምሎ የሚዋሽማ ሞልቷል፤ ሚካኤል መሓሪ ነው፣ ይሄን ግን ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። ጋሽ ካሱ በዚህ ሁሉ ደስ ይላቸው ነበር። ሽምግልና ሲኖር ይጠራሉ፣ ከፍ ካለው ወንበር ይቀመጣሉ፣ ሁለተኛ ሳይጠይቁ ጠላ ይቀዳላቸዋል።

እንዲህ እያለ የእድራችን ድንኳን ተሰረቀ። ከተማው ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ወጥቶ ትንፋሹን ሲሰበስብ የነበረበት ዓመት ነው፤ ብዙ ሰው ቀብረን ስለነበር ያቺ ድንኳን ለሠፈሩ እንደ እናት ነበረች። እድራችን እስላም ክርስቲያን አይለይም፣ ሁላችንም ለቅሶ የተቀመጥነው በሷ ሥር ነው። ኅዳር ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት ሲከፈት ቦታዋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቁልፉ የሚቀመጠው ዕቃ ቤቱን የምትጠርገው ዝማም ዘንድ ነበር። ዝማም ባሏ በዚያው ጦርነት የሞተባት፣ ከአልጋ የማይነሱ እናቷን ብቻዋን የምታስታምም ዝምተኛ ሴት ናት።

የእድሩ ዳኛ አቶ በሪሁን ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸውም እንደ ወፍጮው የሆነ ሰው ናቸው። አውጫጭ ይሁን አሉ፤ እድርተኛው ሁሉ ተራ በተራ በሸርጣኑ ይማል። ክንዱን ከግድግዳው አወረዱና ከእኔ ሱቅ በወሰዱት ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሁለት ጎልማሶች እንደ ሬሳ ተሸክመው አመጡት። ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ጋሽ ካሱ ከራስጌው ተቀመጡ።

ሁሉም እየቀረበ እጁን በሁለቱ ጣቶች መካከል ያስገባና፣ «ድንኳኑን አልነካሁም፣ የነካውንም አላውቅም» ብሎ ይመለሳል። እኔም ማልኩ። በአህያ ውሃ የሚያመላልሰው ሞላ ሲምል እጁ ተንቀጠቀጠና «ብርዱ እኮ አያድርስ ነው» አለ፤ ማንም ልብ አላለውም፣ ብርድ ነበር። የዝማም ተራ ደረሰ። ቀረበች፣ እጇን ዘረጋች፣ መቆንጠጫውን አየችና ሰበሰበችው። ደግማ ዘረጋች። አሁንም ሰበሰበችው።

«አስገቢ እንጂ ልጄ» አሉ አቶ በሪሁን።

«አልችልም አባቴ።»

«ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም።»

«ታዲያ ያልወሰደ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ዝማም መሬት መሬቱን አየች። ጉምጉምታው ከኋላ ተነሳ። አቶ በሪሁን እስኪበርድ ጠበቁና ፈረዱ፦ «እስከ እሑድ አስቢበት። እሑድ ካልማልሽ ከእድሩ ወጥተሻል።»

ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቤትሽ ሞት ሲገባ ጥሩምባ አይነፋልሽም። መቃብር የሚቆፍር፣ ሬሳ የሚያነሳ፣ አብሮሽ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። የዝማም እናት ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባሉ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን እናቷን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ መካነ መቃብር ስትሄድ ታየኝ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በማግስቱ ዝማም ሱቄ መጣች። «አቡጀዲ ስጪኝ እትዬ ዘይነባ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ መገነዣ ነው። ጨርቁን እየቀደድኩ፣ «ዝማምዬ፣ ምናለ እጅሽን ብታስገቢ? እንዳልወሰድሽ እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ዞር ብላ በሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሞት ይሸተዋል ብለው የለም ጋሽ ካሱ? ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። እኔ እናቴን አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ፤ እጄ ከገላዋ ተለይቶ አያውቅም። እጄን ካሸተተ በኔ በኩል ወደ እሷ ይመጣል ብዬ ነው። ትንሽ ቀን ብትቆይልኝ ብዬ ነው።»

አቡጀዲውን ጠቅልዬ ሰጠኋትና እሷ ስትወጣ እኔም ወጣሁ። እንዲያ ተናድጄ ጋሽ ካሱ ሱቅ ገብቼ አላውቅም።

«ጋሽ ካሱ፣ ያ አውሬ እውነት ሞት ይሸተዋል?»

«እንዲያ ይባላል» አሉ ከብረታቸው ቀና ሳይሉ።

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ» አሉ።

ዝማም ያለችኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ብረቱ እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ፣ መልሰው አላጋሉትም። ከዚያ ስንት ዓመት ስሰማው በኖርኩት ድምፅ፣ ግን ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ያወሩኝ ጀመር።

«ጥልቁ ባሕር ውስጥስ አላየሁትም ዘይነባ። እዚያ ማን ይደርሳል? እኔ መርከቧ ላይ ሳህን አጣቢ ነበርኩ፤ ባሕሩን የማውቀው በክብ መስኮት ነው። ጃፓን አገር አንድ ወደብ ቆምን። የባሕር ፍጥረት በመስታወት ውስጥ የሚያሳዩበት አዳራሽ ነበር፤ ገባሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ልጆች አይተውት ይጮሃሉ፣ እናቶቻቸው ጀርባ ይደበቃሉ። እሱ ማንንም አላስፈራራም። በዚያ ረጅም እግሩ ቀስ እያለ መጣና ክንዱን አንስቶ መስታወቱ ላይ አሳረፈ። እኔም ከወዲህ እጄን አሳረፍኩ። ሲመሽ ውጡ እስኪሉን ድረስ እንደዚያ ቆየን። እሱም ከአገሩ ርቋል፣ እኔም ከአገሬ ርቄያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደ እሱ ያዘነልኝ የለም። ጠባቂው ‘ይሄ ፍጥረት የዋህ ነው’ አለን። የሞተ ነገር ነው የሚያነሳ፣ ሕያው አያሳድድም።»

«ታዲያ ለምን አውሬ አደረጉት?»

«ባዶ እጄን ስለመጣሁ» አሉ። «አባቴ ሞቶ ጠበቀኝ። ሰው ሁሉ ‘ካሱ ከባሕር ማዶ ምን ይዞ መጣ?’ ይላል። ያለኝ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ የሰጠኝ ይሄ ክንድ ነው። የዋህ ነው ብል ማን ዞር ብሎ ያየኛል? የፈራሽ ሰው ባዶ እጇን መጣች አይልሽም።»

አዘንኩላቸው፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። «እርስዎ ይከበሩ ተብሎ የዝማም እናት ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው?» አልኳቸው። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ወጥቼ ሄድኩ።

እሑድ ማለዳ ከወሩ መግቢያ ጀምሮ የሚመላለሰው ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ስላደረ ጉሙ እድሩ ግቢ ድረስ ወጥቶ ነበር። ሰው ከፊቱ ያለውን ሰው በጥላ ብቻ ያያል። ዝማም ከአጥሩ ሥር ለብቻዋ ቆማለች። ጋሽ ካሱ ዘገዩ፤ ከዚያ ክንዱን ሳይጠቀልሉ በትከሻቸው ተሸክመው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ሁለት ሴቶች ጮኹ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና የራሳቸውን እጅ እስከ አንጓው አስገቡ።

«ስሙኝ» አሉ። «እኔ ካሱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የጠገንኩት ጀሪካንም አፍስሶ አያውቅም!»

እዚህ ላይ አንዱ «ኧረ በሕግ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቅ ተነሳ። መቆንጠጫው እንደ ተከፈተ ነው። ጋሽ ካሱ እጃቸውን አውጥተው ወደ ላይ አነሱት። አንዲት ባልቴት ግን አልተበገሩም፤ «ጌታውንማ አይነክስም! ውሻስ ጌታውን ይነክሳል እንዴ?» አሉ፣ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ካሱ ዙሪያውን ቃኙና «ዘይነባ፣ ነይ ዋሺ» አሉኝ።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን ያ ሁሉ ዓመት የሰማሁት ጨለማ በእነዚያ ሁለት ጣቶች መካከል የተጠራቀመ መሰለኝ። ዝማምን አየኋትና ቢስሚላሂ ብዬ እጄን አስገባሁ። እንደ ደረቅ ቅል ቀላልና ቀዝቃዛ ነው። «እኔ ዘይነባ» አልኩ በከፍተኛ ድምፅ፣ «በሱቄ አንድም ቀን ዋጋ አስወድጄ አላውቅም!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሚስታቸው የእኔ ደንበኛ የሆነችው አቶ በሪሁን ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እጄን ሳወጣ ጭረት እንኳ የለውም። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ካሱ መናገር ጀመሩ፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ዋሽቻችኋለሁ። ይሄ ፍጥረት ሰው አይበላም፣ ሌባ አይለይም። እውነተኛ ሥራውን ልንገራችሁ። በዚያ ጨለማ አገር ትልቁ ዓሣ ሲሞት ወደ ታች ይሰጥማል። ዘመድ የለው፣ መቃብር የለው። ከሩቅ የሚመጡለት እነዚህ ናቸው። ቀስ ብለው ይመጣሉ፣ ይከቡታል፣ አንስተው እስኪጨርሱት አይለዩትም፤ ባሕሩም ንጹሕ ይሆናል። እድር ናቸው እንዲያው፣ የባሕሩ እድር። አንዳቸውም ታዲያ ‘ይሄ በሕይወቱ ሌባ ነበር ወይ?’ ብለው አይጠይቁም። ዝማም እጇን የሰበሰበችው ሰርቃ አይደለም፤ ሞት ይሸተዋል ያልኩትን ሰምታ ለእናቷ ፈርታ ነው። የምታስወጡት ሰው ካስፈለገ እኔን አስወጡ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ የሚሞትብኝ ሰው የለኝም።»

አቶ በሪሁን ጋቢያቸውን አንስተው ለበሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዝማም፣ አልወሰድኩም ነው ያልሽ?»

«አልወሰድኩም አባቴ።»

«በቃ። ቃልሽ ይበቃናል።»

የገና በዓል ሳይደርስ የዝማም እናት ዐረፉ። ድንኳን አልነበረንም። ጋሽ ካሱ ከየቤቱ የተዋጣውን ላስቲክ ቀኑን ሙሉ በጋለ ብረት እያያያዙ ሰፊ ጥላ ሠሩ። ለቅሶተኛው ሁሉ ጀሪካን ጀሪካን እየሸተተው ከሥሩ ተቀመጠ። መቃብር ሲቆፈር መጀመሪያ አካፋ ያነሱት አቶ በሪሁን ናቸው። ዝማም አለቀሰች፣ እኛም አብረናት አለቀስን፤ እንደ ማንኛውም ሰው የወግ ለቅሶ ነበር።

የጋሽ ካሱ ክብር ግን እዚያው ቀረ። ካሱ ቀጣፊው የሚላቸው በዛ። ለሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ክንዱ ላይ እየሰቀሉ ኳስ ይጫወቱ ጀመር። አንድ ቀን «ቆጨዎት?» ብላቸው፣ «ትንሽ» አሉኝ። «ሰው ሲፈራሽ ደስ ይላል ዘይነባ፣ አልዋሽሽም። ግን ብቻሽን ነሽ።» ያን ሰሞን ወሬያቸውን ለመስማት የምገባ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የሰማያዊውን ውሃ ታሪክ ደጋግመው አወሩኝ፣ አንድም ቀን አልሰለቸኝ።

ድንኳኗ የተገኘችው ከመንፈቅ በኋላ ነው። ደሃና ለለቅሶ የሄደ የሠፈራችን ሰው አንድ አውድማ ላይ የገብስ ጭድ የተከደነበትን የተቀዳደደ ሸራ ሲያይ የእድራችንን የቀለም ምልክት አገኘበት። አውድማው የሞላ ወንድም ነው። ሞላ ሲጠየቅ አልካደም። በአጨዳ ጊዜ ያ ያልታሰበ ዝናብ ሲጀምር፣ የወንድሙ እህል ሜዳ ላይ ነበር። የዕቃ ቤቱን የላላ መዝጊያ ፈልቅቆ ድንኳኗን አወጣ፣ መዝጊያውን እንደነበረ መልሶ ገጠመና በአህያ ጭኗት ሄደ። ሊመልሳት አስቦ ነበር፤ ነፋስ ቀዳደዳት፣ አፈረ፣ ዝም አለ።

«በሸርጣኑ ስትምል አልፈራህም?» አሉት አቶ በሪሁን።

«ፈርቻለሁ» አለ ሞላ። «ግን ረሃቡን ይበልጥ ፈራሁት።»

እድርተኛው ተሰበሰበ። የሞላ እናት ዓይናቸው የጠፋ ናቸው፤ ሰው መርቷቸው መጥተው ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ካሱ አሁን ከፍ ያለ ወንበር ስለማይሰጣቸው ከአሮጊቷ ጎን ቆመዋል። አቶ በሪሁን፣ «ሕጋችን ይታወቃል፣ ሞላ ይወጣል። ግን ከሁላችንም በላይ የተበደለችው ዝማም ናትና እሷ ትናገር» አሉ።

ዝማም ተነሳች። ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። ብዙ የምትናገር መስሎን ጠበቅናት።

«እሱም እናት አለችው» አለችና ተቀመጠች።

አቶ በሪሁን አሮጊቷን አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ጎንበስ አለ፣ አንዱ አፍንጫውን ጠረገ። ሞላ እዚያው በቆመበት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሮጊቷ ግን አላዩም፣ ዝምታውም አስፈራቸው። እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ጋቢ ሲያገኙ ጨበጡት፤ የጋሽ ካሱ ነበር። «ምን አሉ ልጄ? ምን ተባለ?» አሉ።

ጋሽ ካሱ ጎንበስ አሉላቸው።

«ይቀብሩዎታል እናቴ» አሏቸው። «ሁላችንም እንመጣለን።»

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ።